ቢላ ያልነካው ሾላ

መርዋሴት በእጁ አንዲት ችግኝ ተክሎ አያውቅም፤ ሆኖም በመንደራችን የእሱን ያህል ዛፍ ያቆመ ሰው የለም። የሚያቆመው ግድግዳ ላይ ነበር። እንደ ሌሎቻችን ሁሉ በነገሥታቱ ሸለቆ መቃብር ይሠራል፤ ለአማልክት ዘውድና ለንጉሥ ፊት ግን ማንም እሱን አይጠራውም። "ቅጠል ያለበትን ለመርዋሴት ስጡት" ይባላል። ደንገሉ፣ የውሃ አበባው፣ ቴምሩ፣ የወይኑ ሐረግ፣ በስንዴ መሐል የሚበቅለው ሰማያዊ አበባ፣ ሁሉም የእሱ ነው። ጫፉ በታኘከ የቄጠማ ብሩሽ ቅጠል ሲያወርድ አይቶ የማይገረም አልነበረም። አፉ ግን አያርፍም። ቀለሙ ቀጠነ ብሎ ይነጫነጫል፣ ልስኑ ሻከረ ብሎ ይነጫነጫል፣ የሚነጫነጭበት ያጣ ቀን ደግሞ "ዛሬ ምን ነካኝ?" እያለ በራሱ ይናደዳል።

እኛ የምንኖረው በሁለት ኮረብታ መሐል ነው። ውሃችንን አህያ ከወንዝ ተሸክሞ ያመጣልናል፤ ሳር እንኳ ደጃችን አይበቅልም። መርዋሴት እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ሸበተ። ዛፍ መሳል የተማረው ከአባቱ ነው፤ አባቱም ከአባቱ። ወንዝ ዳር የሚወርደው ለበዓል ብቻ ሲሆን ያኔም ዓይኑ ያለው ጠላው ማሰሮ ላይ ነው። ይህን እንደ ጉድለት ያየበት ሰው አልነበረም። ማን ሊያይ? ሁላችንም ያው ነን።

ያየችው የወንዝ ዳር ሰው ናት፤ አማቱ፣ እማማ ዌብኸት። እኔም እንደ መንደሩ ሰው አንቱ ልበላቸው እንጂ ተነስተው እንዳይመቱኝ። የሚስቱ የሁነሮ እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ሲተክሉ ኖረው፣ ባላቸው ሲሞትባቸው ሁነሮ "ብቻሽን አትቀሪም" ብላ አመጣቻቸው። ከዚያች ትንሽ ሰውነታቸው ትልቁ ነገር ምላሳቸው ነበር። የመጡ ዕለት ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "አንድ ቅጠል የለም እኮ! ፍየሏ ምን ትበላለች፣ ስዕል?" አሉ። መርዋሴት ቱግ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሲነታረኩ ውለው ሲነታረኩ ያመሻሉ፤ አንዳቸው ወጣ ካሉ ደግሞ ለሌላኛው እህል አይወርድለትም።

መርዋሴትና ሁነሮ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ታሚት። አያቷ ከመምጣታቸው በፊት፣ በስድስት ዓመቷ፣ ትኩሳት ወሰዳት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከንፈሯ ደርቆ የምትለምነው ሾላ ብቻ ነበር፤ አያቷ ዘንድ ስትሄድ የምትበላውን ሾላ። ያን ሰሞን ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቆርጦት ነበርና ማን ሄዶ ያምጣ? አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ "እኔ የፈለግሽውን ያህል እስልልሻለሁ፣ የኔ እመቤት" አላት። ቃሉንም ጠበቀ። በቤተሰቡ መቃብር፣ ከመሬት በታች ባለው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በሕይወቱ ከሳላቸው የሚበልጠውን ሾላ ሳለላት። ፍሬው ከላይ እስከ ታች ተንዠርግጎ፣ ክብ፣ ያማረ፣ አንዲት እንከን የሌለበት። ታሚትን ከሥሩ እጇን ዘርግታ አቆማት። ከዚያ በሩ ተመረገ።

መቼም ግድግዳ ላይ የተሳለ ሁሉ በምዕራብ አገር፣ በሙታን አገር፣ እውነተኛ ይሆናል። የተሳለ ዳቦ ይበላል፣ የተሳለ ውሃ ይጠጣል፤ ባይሆንማ ኖሮ እኛ ምን እንሠራ ነበር? መርዋሴት ስምንት ዓመት ሙሉ ልጁን ባሰበ ቁጥር ጉንጯ በሾላ ተወጥሮ ትታየዋለች። ያጽናናው ይኸው ነበር።

አንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት ደጁ ላይ ተቀምጦ በድንጋይ ስባሪ ላይ ዛፍ ይሞክራል። ለጎረቤቱ ለኬና ነው። ኬና ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ የገዛ መቃብሩን እየጨረሰ ስለነበር ሾላ እንዲሳልለት ለምኖት ነበር። እማማ ዌብኸት ምስር እየለቀሙ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሾላ ነዋ እማማ! አይታይዎትም?"

"ዛፉማ ይታየኛል። ይሄ የተንጠለጠለው ምንድን ነው ነው የምልህ።"

"ፍሬው ነው።"

"ማን በጣው?"

"ምን?"

"ደንቆሮ ነህ? ማን በጣው? የቢላው ምልክት የታለ?"

መርዋሴት ሳቀ። ሾላ ላይ ያለችውን ጥቁር ጠባሳ እንዴት አያውቃት! ከወንዝ ዳር በቅርጫት የሚመጣው ሁሉ እሷ አለችበት። የነጋዴዎቹ ሥራ ናት ብሎ ነበር የሚያስበው፤ ገዢው ውስጡን እንዲያይ የሚሰነጥቁት። "እሷንማ ሆን ብዬ ነው የምተዋት" አለ ኮራ ብሎ። "ለዘላለም በሚቀመጥ ፍሬ ላይ ጠባሳ ልሳል? አባቴም አልሳለ፣ እኔም አልስልም።"

እማማ ድንጋዩን ከእጁ መነጨቁት። "አንተ ሰውዬ! ሾላ ዛፉ ላይ እያለ በቢላ ካልተበጣ አይበስልም እኮ! ትወጣለህ፣ ጫር ታደርገዋለህ፣ በአራተኛው ቀን ማር ይሆናል። ካልበጣኸው እንጨት ነው፤ ውስጡም ትንኝ ነው። አህያ አይበላው!"

"ኧረ ይተዉ እማማ።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ስትስል አንድ ቀን ከዛፉ ቀጥፈህ አልቀመስክም?"

ኬና ከደጁ ሆኖ ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "እሰይ! እኔ ደግሞ እዚያ ሄጄ ጥርሴን ልሰብር ነበር! ተነስ በጣልኝ አንተ!" መርዋሴትም ሳቀ፤ እማማም ሳቁ። ከዚያ ድንገት የመርዋሴት ፊት ተለወጠ። እማማ ዌብኸት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ የተናገሩት ያኔ ገባቸው። የታሚትን ስም ያነሳ የለም። መርዋሴት ጫማውን አጥልቆ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

በዚያ በጠራራ ፀሐይ እስከ አማቱ የድሮ እርሻ በእግሩ ሄደ። ሾላው እዚያው አለ። ቢላ ያልነካውን አንዱን ቀጠፈና ነከሰው። ነጭ ወተቱ ከንፈሩን አጣበቀው፤ ሥጋው እንደ ጭራሮ ደረቀበት፤ ሲከፍተው ደግሞ ትንኙ ግር ብሎ ወጣ። ተፋው። ሌላ ቀጠፈ፤ እሱንም ተፋው። ሦስተኛውን ይዞ ከዛፉ ሥር ዝርፍጥ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። እርሻውን የያዘው ገበሬ እየሮጠ መጥቶ፣ "ጊንጥ ነው? የቱ ጋ ነደፈህ?" ሲለው፣ "ልጄን ስምንት ዓመት ትንኝ አበላኋት" አለው። ገበሬው ውሃ ሰጠው።

በማግስቱ አለቃችንን ኔብነፈርን ደጅ ጠና። "መቃብሬን ልክፈት። አንድ ቀን ብቻ። ጥቁር ቀለም ይዤ ገብቼ እወጣለሁ።"

"አልሰማሁህም" አለ አለቃ። "ሰው ሳይሞት መቃብር የሚከፍት ምን እንደሚባል ታውቃለህ።"

"ልጄ ናት እኮ ጌታዬ!"

"አውቃለሁ፤ እኔም ቀብሬያታለሁ። ግን ዛሬ አንዱ ለሾላ ከከፈተ ነገ ሌላው ለወርቅ ይከፍታል። የግድ ካልክ ጠባቂያችንን ጠይቅ።"

ጠባቂያችን የጥንቱ ንጉሥ ምስል ነው፤ በበዓሉ ቀን በሰው ትከሻ ወጥቶ በመንደሩ ሲዞር ነገር የከበደው ሁሉ ይጠይቀዋል። ወደፊት ከመጣ እሺ ነው፣ ወደኋላ ካለ እምቢ ነው። መርዋሴት መሐል መንገድ ላይ ተንበርክኮ፣ "ጌታዬ፣ ልግባ ወይ?" አለ። ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወዲያው ሦስት እርምጃ ወደኋላ አለ። ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ኬና ነበር፤ መርዋሴት ከበዓሉ በኋላ አንገቱን አነቀው።

"አንተ ነህ የጎተትከው!"

"እሱ ነው የጎተተኝ! በሞቴ ልቀቀኝ! እኔ ወደፊት እየገፋሁ ነበር፣ ትከሻዬን እየው!" ትከሻው እውነትም ቆስሎ ነበር። መርዋሴት ለቀቀውና ሁለቱም ደጅ ላይ ተቀመጡ።

እማማ ዌብኸት ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ሰነበቱ። ዝምታ ለእሳቸው በሽታ ነውና ሁነሮ ተጨንቃ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ዳቧቸውን አስቀምጠው፣ "ያ በር የሚከፈተው ከዚህ ቤት ሰው ሲሞት ነው አይደል?" አሉ።

"ነው" አለ መርዋሴት።

"እንግዲያ ምን ያስለቅስሃል? እኔ አለሁ አይደለም እንዴ! ስሄድ ብሩሽህን ይዘህ ተከትለኸኝ ግባ። ብቻ ቶሎ ውጣ፤ እዚያም ልትነጫነጭብኝ አልፈልግም።"

"እማዬ!" ብላ ሁነሮ ጮኸች።

"ምን ያስጮህሻል? ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዘላለም ልቀመጥልሽ ነው?"

መርዋሴትን የጎዳው ይህ ነው። ልጁ ሾላ እንድትበላ አማቱ መሞት ነበረባቸው፤ አማቱን ደግሞ ይወዳቸዋል። ሲያስሉ ልቡ ድንግጥ ይላል፤ ለምን እንደደነገጠ ራሱን ሲጠይቅ መልሱን ይፈራዋል። እናም ምን አደረገ? እሳቸውን መቀለብ ያዘ። የዳክዬ ስብ፣ ማር፣ በወተት የራሰ ዳቦ። ከሸለቆው ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው "እማማ በሉ?" ብሎ ነው። የመንደሩ ሴቶች "አማች ማለት እንዲህ ነው" እያሉ ባሎቻቸውን ይወርፉበታል። እማማ ግን ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ "እህ፣ ጥቁሩን በጠበጥከው?" ይሉታል። "ገና ነው፣ ይተኙ!" ይላቸዋል እየተቆጣ።

አንዴ ክፉኛ ታመው ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ ቆዩና ተሻላቸው። መርዋሴት እግራቸው ሥር ወድቆ፣ "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ። "ሲታመሙ… ለአንድ አፍታ ደስ ያለኝ መሰለኝ። ታሚትን አስቤ ነው። እኔ ሰው አይደለሁም።"

እማማ ራሱን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የልጅ ልጁን ማየት የሚጠላ ማን ነው? ኋላ ሁነሮ የምትሠራው ምስር ሸተተኝና ሐሳቤን ቀየርኩ።" ሳቀ፤ እያለቀሰ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ በዕረፍቱ ቀን ሁሉ አህያ ላይ ያስቀምጣቸውና ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። ያ የሸበተ ሰው ዛፍ ይወጣል፤ እማማ ከታች ሆነው በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ያዝዙታል።

"እሱን ተወው፣ ገና ነው! ያኛውን! ኧረ ቀስ በል፣ ጫር ነው ያልኩህ እንጂ እረድልኝ አላልኩህም!"

"እግሬ እየተንሸራተተ ነው እማማ!"

"ዝንጀሮ ቢሆን እስካሁን ጨርሶ ወርዶ ነበር። ሁሉንም አትብጣ፣ አንተ! በአንድ ቀን በስሎ በአንድ ቀን ሊበሰብስ ነው? የታችኛውን ዛሬ፣ የላይኛውን ከነገ ወዲያ።"

በአራተኛው ቀን ገበሬው የበሰለውን በቅርጫት ይልክላቸዋል፤ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሦስት ዓመት አለፈ። መርዋሴት በእነዚያ ሦስት ዓመታት ዛፍን ዛፍ ብሎ አወቀው። የኬናን ሾላ አንድ በአንድ በጥቶ ሳለለት፤ መጀመሪያ የሳቁበት ሽማግሎች ሁሉ "የእኔንም ጫር ጫር አድርግልኝ" እያሉ መጡ። እሱ ግን የሌላውን ሲበጣ እጁ ይከብደው ነበር፤ የራሱ ልጅ እስካሁን ጥሬ እየነከሰች ነው።

ወንዙ መሙላት በጀመረበት ሰሞን አንድ ጠዋት እማማ ዌብኸት በማር የተቀባውን ዳቦ መለሱት።

"ጥቁሩን በጥብጥ" አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

"አልበጠብጥም!"

"በጥብጥ እንጂ፣ ልጄ።"

ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር። መርዋሴት ጥላሸቱን አመጣና እግራቸው ሥር ተቀምጦ በጠበጠ፤ ዕንባውም አብሮ ገባበት። ፀሐይ መሐል ሰማይ ሳትደርስ ዐረፉ። ሁነሮ እናቷን አቅፋ ቀረች፤ መርዋሴት ደግሞ ደጅ ወጥቶ ያለቀሰው ለቅሶ፣ አስለቃሾቹ ዝም ብለው እስኪሰሙት ድረስ ነበር።

አስከሬናቸው በመድኃኒት የሚደርቅበት ሰባ ቀን ተጠብቆ፣ ተገንዞ ሲመለስ በሩ ተከፈተ። ሬሳውን አውርደው ካስቀመጡ በኋላ ካህኑ፣ "አንድ የመብራት ክር ነዶ እስኪያልቅ ነው የምሰጥህ" አለው። ሁሉም ሲወጡ ኬና መብራቱን ይዞለት ቀረ።

ታሚት ትናንት የተሳለች ይመስል እዚያው ቆማለች፤ እጇን ወደ ጥሬ ፍሬ ዘርግታ። መርዋሴት ብሩሹን አነሳ፤ እጁ እምቢ አለው።

"መርዋሴት" አለ ኬና ቀስ ብሎ። "ክሩ እየነደደ ነው ወንድሜ።"

መጀመሪያ እጇ አጠገብ ያለውን ጫር አደረገ። አንዲት አጭር ጥቁር መስመር። ቀጥሎ ያንን፣ ቀጥሎ ያንን። እያንዳንዱን ሲነካ "በይ፣ በይ፣ በይ" ይላታል ከንፈሩ። የታችኞቹን ቅርንጫፎች ሲጨርስ ብሩሹን አወረደ።

"የላይኞቹ ቀሩህ እኮ!" አለ ኬና።

"የላይኞቹ ከነገ ወዲያ ናቸው።"

"ከነገ ወዲያ በሩ ዝግ ነው። ማን ይበጣቸዋል?"

መርዋሴት ከታሚት ጎን ባዶ ቦታ ላይ መስመር ያወርድ ጀመር። ትንሽ ሴት፤ እጇ ላይ ቢላ። ኬና ቀረብ ብሎ አየና ደነገጠ። "ምን ነካህ? ፊታቸውን ከነጭምድዱ? ሙታንን ወጣት አድርገን አይደለም እንዴ የምንስለው!"

"ወጣት ባደርጋቸው ታሚት አታውቃቸውም።"

ጀርባቸውን ግን ቀጥ አድርጎ አቃናላቸው፤ ቅርንጫፉ ላይ እንዲደርሱ። መስመሩን ሲጨርስ ክሩ ጨለመ፤ ኬና እጁን ይዞ አወጣው።

ውጭ ሁነሮ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሰዉ ወደ ግብዣው ሲሄድ እሷ አልተነቃነቀችም።

"በላች?" አለችው።

"ዛሬ ነው የተበጣው" አላት። "አራት ቀን ይፈልጋል።"

ሁነሮ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። በአራተኛው ቀን ጠዋት የሥራ ቡድኑ ወደ ሸለቆው ሲወጣ መርዋሴት ገበሬው የላከውን የሾላ ቅርጫት ይዞ ደጁ ላይ ቀረ። አለቃ ኔብነፈር በደጁ ሲያልፍ አየው፤ ቅርጫቱንም አየና መንገዱን ቀጠለ። ባልና ሚስቱ ፊታቸውን ወደ ምዕራቡ ኮረብታ አዙረው፣ ቅርጫቱን መሐላቸው አድርገው ቁጭ አሉ። ፀሐይዋ የመቃብሮቹን በር ስትነካ ሁነሮ አንዱን ሾላ አነሳች።

"አሁን ነው?"

"አሁን ነው" አላት።

በሉ።